መቃ የቀረጸው ፊደል፤ ቁም ጽሕፈት በጎጃም ደጋ

የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የምርቃት ምስክር ወረቀት፣ የማኅበር ባነር፣ የመዝሙር አልበም ሽፋን፣ የቤተ ክርስቲያን ምረቃ መታሰቢያ። የከበረ ነገር ሲጻፍ አማርኛ አንባቢ ዓይኑ የሚጠብቀው የፊደል መልክ አለ። ቋሚው ጭረት ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን፣ ራሱ ሾል ያለ፣ እግሩ የረገጠ። ባለሙያዎቹ ቁም ጽሕፈት ይሉታል። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ከሌሎች ፎንቶች ጋር ተሰልፎ ስለሚገኝ አንድ ዲዛይነር ቢሮው ተቀምጦ የፈጠረው ሊመስል ይችላል። መልኩን ያወጡለት ግን የመቃ ብርዕ፣ የፍየል ብራናና የጸሐፊው ክንድ ናቸው። ይህ ሥራ ለዘመናት ከተሠራባቸው አገሮች አንዱ ደግሞ ጎጃም ነው።

ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ኤልያስ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ፦ የእነዚህ የጎጃም ደብሮችና ገዳማት ስም ሲነሣ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ቅኔን ነው። ቅኔ በቃል የሚኖር ትምህርት ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ጥግ ይይዛል፣ በልቡ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ሰምቶ ያርማል። ለአንድ በዓል የተቆጠረ ቅኔ ለሌላው አይደገምም። በዚህ ሁሉ መካከል ወረቀትም ብራናም የለም። እንግዲህ በቃል ትምህርቱ የታወቀ አገር የጽሕፈት አገርም ነበር ሲባል የሚጋጭ ይመስላል።

አይጋጭም። ቅኔው የሚቆጠረው ዳዊቱን፣ ድጓውን፣ ስንክሳሩን፣ ተአምረ ማርያሙን ተመርኩዞ ነው፤ እነዚህ ደግሞ የሚኖሩት በመጽሐፍ ነው። አንድ ደብር ለመቀደስም ማኅሌት ለመቆምም መጻሕፍት ያስፈልጉታል። ያረጀው ይተካል፣ የጎደለው ይሟላል፣ አዲስ የተተከለ ቤተ ክርስቲያን ከሌላ ደብር ተውሶ ያስገለብጣል። ቅኔ ቤት በገነነበት አገር ሁሉ ከመምህራኑ ዝና ጀርባ ስማቸው ያልተነሣ ቁም ጸሐፊዎች ነበሩ።

ስማቸው ያልተነሣበት ምክንያት አለው። በአብነት ትምህርት ማንበብና መጻፍ አብረው አይሰጡም። ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ ንባብ ይወጣል፣ ዳዊት ይደግማል፤ ከዚያ ዜማ፣ ቅኔ፣ አቋቋም፣ ትርጓሜ እያለ ይቀጥላል። እጁን ለብርዕ የሚያሠለጥነው ግን ጽሕፈትን ሙያ አድርጎ ከያዘ ሰው ጋር ሲቀመጥ ብቻ ነው። ታላቅ መምህር ሆኖ ደብዳቤውን ሌላ ሰው የሚጽፍለት ሊቅ በቀድሞው ዘመን ብርቅ አልነበረም። መኳንንቱም ጸሐፊ ያቆማሉ እንጂ ራሳቸው ብርዕ አይጨብጡም። የእጅ ሥራ በሚናቅበት በዚያ ዘመን ከቆዳ ጋር የሚውል ሰው ከንቀቱ አያመልጥም ነበር፤ ክታብ የሚጽፍ ደብተራ ደግሞ ይፈራ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ትልቁን ሀብት በእጃቸው የሠሩ ሰዎች እንዲህ በክብርና በጥርጣሬ መካከል መኖራቸው ያሳዝናል። የሊቃውንቱ ታሪክ በተጻፈበት ሁሉ የእነሱም ሊጻፍ ይገባው ነበር።

ሥራው ከቆዳ ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው የፍየል ቆዳ ነው። ተዘፍዝፎ ከለሰለሰ በኋላ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ይወጠራል፤ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፣ በሸካራ ድንጋይ ይታሻል፣ ደርቆ ነጭ ሲሆን በልክ ይቆረጣል። ከአንድ ቆዳ የሚወጣው ቅጠል ጥቂት ነው። ለአንድ ዳዊት ብዙ ፍየል ስለሚያስፈልግ መጽሐፍ ማጻፍ የባለጸጋ፣ የሹም ወይም የደብር ሥራ ሆኖ ቆይቷል። የተቆረጠው ቅጠል ዳር ዳሩን በወስፌ ይበሳል፤ ከአንዱ ቀዳዳ እስከ ሌላው ቀለም የሌለው መስመር በሹል ነገር ይሰመራል። በብዙ የብራና መጽሐፍ ላይ ገጹን ወደ ብርሃን ዘንበል ላደረገ ሰው ይህ የጎደጎደ መስመር ከነቀዳዳው ዛሬም ይታያል። ፊደሉ ረድፉን ሳይስት እስከ ገጹ መጨረሻ የሚዘልቀው በዚህ ነው።

ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቃጠለ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ይዘጋጃል፤ ተደባልቆ ረጅም ጊዜ ይብላላል። በደንብ የተሠራ እንደሆነ መቶ ዓመታት አልፈውበትም አይደበዝዝም። ቀዩ ለእግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፣ ለምዕራፍ መክፈቻና ለሥርዓተ ነጥብ ነው። ሁለቱ ቀለሞች በሁለት ቀንድ ሆነው ከጸሐፊው አጠገብ መሬት ላይ ይተከላሉ። ጠረጴዛ የለም። ጸሐፊው ብራናውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የሚገለብጠውን መጽሐፍ ፊት ለፊቱ ዘርግቶ ይጽፋል።

የፊደሉ መልክ የሚወሰነው በብርዑ አፍ ነው። መቃው በቢላ ተቀርጾ ጫፉ ጠፍጣፋ ይደረጋል፣ መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል። ብርዑ ቁልቁል ሲሳብ የአፉ ሙሉ ስፋት ብራናው ላይ ይወርዳል፤ ወደ ጎን ሲሄድ በጠርዙ ብቻ ያልፋል። የበ ሁለት እግሮች ወፍረው ራሷ የቀጠነችው፣ የመ ክቦች ጎንና ጎናቸው ወፍሮ ላይና ታቻቸው የሳሳው በዚህ ምክንያት ነው። ጸሐፊው እያንዳንዱን ፊደል በአንድ ትንፋሽ አያወጣውም። ብርዑን ያነሣል፣ ያሳርፋል፣ እንደገና ያነሣል፤ ክቡ ዐ እንኳ ከግራና ከቀኝ በመጡ ሁለት ቅስቶች ይገጠማል። ፊደሉ የቆመ የሚመስለው በየጭረቱ መነሻና መድረሻ ብርዑ ረገጥ ስለሚል ነው።

ለዲዛይን ትምህርት የሚሆን አንድ መጽሐፍ ይመረጥ ቢባል ዳዊት ነው። በብራና ዳዊት እያንዳንዱ የመዝሙር ሐረግ በራሱ መስመር ላይ ይቀመጣል። ሐረጉ አጭር ከሆነ የቀረው ቦታ ባዶ ይተዋል። ረጅም ከሆነ ግን ጸሐፊው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ፊደሉን እያጠበበ ያስገባዋል፤ ካልበቃው የተረፈውን ከመስመሩ በላይ ወይም በታች ይሰቅለዋል። የዛሬ ዲዛይነር የፊደል ስፋትና የመስመር ርዝመት እያለ የሚያሰላውን ዳዊት ጸሐፊው በዓይኑ ያሰላው ነበር። ትልልቆቹ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ደግሞ በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ይጻፋሉ፤ መክፈቻ ገጻቸው ሐረግ በሚባለው ጥልፍልፍ ጌጥ ያጌጣል። ሥራው ሲያልቅ ጥራዙ በእንጨት ገበታ መካከል ይሰፋል፣ በቆዳ ይለበጣል፣ ማኅደር ይሰፋለታል።

ቁም ጽሕፈት ከጥንት እስከ ዛሬ አንድ መልክ ይዞ አልቆየም። ጀርመናዊው ሊቅ ዚግበርት ኡህሊግ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ሰፊ ጥናት የግዕዝ እጅ ጽሑፍን በየዘመኑ ከፋፍሎ አሳይቷል። በጥንቶቹ መጻሕፍት ፊደሉ ትልቅና ማዕዘን የበዛበት ነው። ቀጥሎ እየጠበበና እየቀጠነ መጥቶ ረቂቅ የሚባለው አጻጻፍ ተወለደ። በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ ጎንደር የነገሥታት ከተማ በሆነችበት ዘመን፣ ጉልህ የሚባለው ሰፊ፣ ክብ ክብ ያለና ግርማ የተላበሰ አጻጻፍ ነገሠ፤ በ18ኛው መቶ ዓመትም ቀጠለ። ዛሬ ፎንት ላይ የምናየው ያማረ ቁም ፊደል በአብዛኛው የዚህ የጉልህ ዘር ነው። ጎጃም ከጎንደር የሚለየው በጣናና በአባይ ብቻ ስለሆነ መምህርም መጽሐፍም ጸሐፊም ወዲያና ወዲህ ይመላለስ ነበር። የአንዱን ደብር መጽሐፍ ሌላው ደብር ሲገለብጥ የፊደሉ መልክም አብሮ ይሻገራል።

መጻሕፍቱን ያጻፉት ሰዎችም የታሪኩ ክፍል ናቸው። መርጡለ ማርያምን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት ታላቅ የፖለቲካ ሰው ብቻ አልነበሩም፤ በድርሰትም ስማቸው ይጠራል። ከእሳቸው ብዙ ዘመን በኋላ ራስ አዳል ተሰማ ጥር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የካፋ ዘውድ ሲጫንላቸው፣ የቀድሞዋ መንቆረር በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተብላ የቤተ መንግሥት ከተማ ሆነች። ቤተ መንግሥት ያለበት ከተማ ጸሐፊ ይፈልጋል፦ ለደብዳቤ፣ ለአዋጅ፣ ለርስትና ለጉልት መዝገብ፣ ለአዲሶቹ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት።

በዚህ ቤተ መንግሥት ካደጉት ሰዎች አንዱ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ናቸው። የተወለዱት ከአባይ ማዶ፣ በሆሮ ጉድሩ ነው፤ በልጅነታቸው በጦርነት ከወገናቸው ተለይተው ጎጃም መጡ፣ በተክለ ሃይማኖት ቤት አደጉ። ሠዓሊም ታሪክ ጸሐፊም ሆኑ። የጎጃምን ትውልድና ታሪክ በሰፊው የጻፉበት ሥራ በዘመናችን በግርማ ጌታሁን አርታኢነት ታትሞ ለአንባቢ ደርሷል። ብሩሽና ብርዕ በአንድ ሰው እጅ መገናኘታቸው በዚያ ዘመን እንግዳ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ከቅዱሱ ራስ በላይ ስሙ፣ ከእግሩ በታች ሥዕሉን ያሣለው ሰው ልመና ይጻፋል፤ ስለዚህ ሠዓሊው ፊደልን አሳምሮ መጻፍ ነበረበት። በብቸና አካባቢ ተወልደው ያደጉት ሠዓሊ ቄስ አዳሙ ተስፋው ይህን መስመር እስከ እኛ ዘመን አድርሰውታል፤ ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 በሎስ አንጀለስ ፋውለር ሙዚየም ለብቻቸው ታይተዋል።

የብረት ፊደል ታሪክ ሌላ አቅጣጫ ነበረው። የግዕዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው ሮም ላይ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን ከኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ግዕዝ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 ዳዊትን አሳተመ። ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1548 እና በ1549፣ ተስፋ ጽዮን የተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በዚያው በሮም ሐዲስ ኪዳንን አስወጡ። ለታተመው መጽሐፍ ስሕተት ይቅርታ ሲጠይቁ ያቀረቡት ምክንያት ለፊደላችን ታሪክ ትልቅ ምስክር ነው፦ የሚያትሙት ሰዎች ማንበብ አይችሉም፣ እነ ተስፋ ጽዮን ደግሞ ማተም አያውቁም። ብዙ ዘመን የግዕዝ የብረት ፊደል የተቀረጸው ፊደሉን አንብበው በማያውቁ እጆች ነው። ቁም ጸሐፊው በብርዑ አፍ የሚያገኘው የወፍራምና የቀጭን ልክ በብረቱ ላይ ሲደርስ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ወፈረ፣ አንዳንዴ ያለ ቦታው ቀጠነ።

በአገር ውስጥ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1914 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን ሲያቋቁሙ ነው። የታተመ ዳዊት በገበያ ሲገኝ ፍየል አሳርዶ፣ ቆዳ አስፍቆ፣ ለወራት ጸሐፊ ቀልቦ ዳዊት የሚያጽፍ ሰው እየቀነሰ ሄደ። የቁም ጸሐፊው ገበያ ጠበበ። የቅኔው ልጆች ደግሞ ወደ ማተሚያ ቤቱ መንገድ ጀመሩ። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ አዲስ አበባ ገብተው በቴአትርና በግጥም ስም አወጡ። በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀምሰው፣ የዲማን ተማሪ በዛብህን በ1958 ዓ.ም. በታተመው ልቦለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ለመላው አገር አስተዋወቁ። ጎጃም በብራና ዘመን መጽሐፍ ትጽፍ ነበር፤ በኅትመት ዘመን ደራሲ ሰጠች።

ቁም ጽሕፈት ግን አልሞተም፤ ሌላ ሥራ አገኘ። ታፔላ፣ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ፣ የምስክር ወረቀት ላይ የሚሞላ ስም፣ የመቃብር ሐውልት፣ የባለቀለም ቅብ ጽሑፍ፦ ማተሚያ ያልገባበት ሁሉ እጁ የተባ ሰው ይፈልግ ነበር። በየፍርድ ቤቱ ደጅ ማመልከቻ የሚጽፉትም የዚህ ቤተሰብ ናቸው፤ ኢንጂነር አያና ብሩ የደከሙበት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ተሻሽሎ እስኪስፋፋ ድረስ የዳኛን ዓይን የሚስበው የእጅ ጽሑፍ ነበር። የጽሕፈት መኪናው ሲመጣ ደግሞ ፊደሉ ዋጋ ከፈለ። ከ200 የሚበልጡ ቅርጾች በአንድ ቁልፍ ሰሌዳ ስለማይገቡ ፊደሉን ቆራርጦ መቀጠል ግድ ሆነ፤ ቅጥያው አንዳንዴ ከእናት ፊደሉ ሳይገጥም ተንጠልጥሎ ይቀራል። የብራና ጸሐፊ ዓይን ይህን ቢያይ ይታመማል።

ኮምፒውተር ያን ቁስል ፈወሰ። ፍስሐ አጥላውን የመሰሉ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ፊደሉን ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ደክመዋል። በአገር ቤት ፓወር ግዕዝና ቪዡዋል ግዕዝ ቢሮውንና ማተሚያ ቤቱን ሞሉት፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ወደማይነበብ ምልክት መቀየሩ ግን ብዙ ጸሐፊ አስለቅሷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ቁጥር 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል በ345 ምልክቶች ሲቀበል መሠረቱ ተጣለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያወጣው ኒያላ በእጅ ከተጻፈ ፊደል ጠባይ የተነሣ ነው፤ ስሙም የተወሰደው ከደጋ አጋዘን ነው። አቢሲኒካ የተባለው የኤስ.አይ.ኤል. ፎንት በግልጽ የቁም ጽሕፈትን ሥርዓት ተከትሎ ተሠራ። በይገዙ ብስራት ስም የሚጠሩ ፎንቶችም አሉ፤ ይገዙ የታወቁ የቁም ጽሕፈት ባለሙያ ነበሩ። ከዚሁ ቤተሰብ ሌላው ፎንት ዋሸራ ይባላል፤ ጎጃሜ አንባቢ ስሙን ሲያይ ደስ ሊለው ይገባል።

እዚህ ላይ ለሥራው የሚያስብ ሰው የሚሟገትበት ጉዳይ አለ። በላቲን ፊደል ያማረ የእጅ ጽሑፍ ሲባል የሚታየው ፊደል ከፊደል እየተያያዘ የሚፈስ፣ ጅራቱ የሚጠማዘዝ ጽሑፍ ነው። አንዳንድ የዛሬ ዲዛይነር ይህን መልክ ወደ አማርኛ ለማምጣት ፊደሎቹን ያያይዛል፣ ጅራት ይጨምርላቸዋል። ግዕዝ ግን አይያያዝም። እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ይቆማል፣ ድምፁም ያለው ትንሿ ጭረት በወጣችበት ቦታ ነው። ለ ላይ በቀኝ እግሯ ወገብ ጭረት ቢወጣ ሉ ይሆናል፣ ያው ጭረት እግሯ ሥር ቢወርድ ሊ ይሆናል። ለማስዋብ ተብሎ ጅራት የተጨመረበት ለ አንባቢውን ሊ ያስብለዋል። ቁም ጸሐፊው ውበቱን የፈለገው በሌላ ቦታ ነው፦ በወፍራምና በቀጭን ልክ፣ በፊደልና በፊደል መካከል በሚተወው ክፍተት፣ በእግሩ አረጋገጥ፣ በቀዩና በጥቁሩ መፈራረቅ።

ስለዚህ ቁም ፎንት በቦታው ሲውል ያምራል፣ ያለ ቦታው ሲገባ ይጎዳል። ለመጽሐፍ ርእስ፣ ለጥሪ ካርድ፣ ለምስክር ወረቀት፣ ለባነር በትልቁ ሲጻፍ ቀጭኑ መስመር ይታያል፣ ወፍራሙም ግርማ ይሰጣል። ያንኑ ፎንት በትንሹ ለረጅም ጽሑፍ ሲያውሉት፣ በተለይ በስልክ ላይ፣ ቀጫጭኖቹ መስመሮች ይጠፋሉና አንባቢው ይደክማል። ቁም ፊደል ተመርጦ ቃላቱን በባዶ ቦታ ብቻ መለየትም ያሳዝናል፤ ሁለት ነጥብ ሲገባበት መስመሩ ይሞላል፣ ዓይንም የለመደውን ምት ያገኛል። የምርቃትን ወይም የሠርግን ቀን በግዕዝ ቁጥር መጻፍም ከላይና ከታች ባለው ሰረዝ ምክንያት ከቁም ፊደል ጋር ይስማማል። ስማቸውን በቀይ ማድረግ የሚያምራቸው ሙሽሮች ካሉ ደግሞ ወጉ ከብራናው የመጣ ነው።

ምንጩም ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ተቋማት ትብብር የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ቀርጾ አስቀምጧል፤ የጣና ዙሪያና የጎጃም ደብሮች መጻሕፍትም ይገኙበታል። አዲስ ቁም ፎንት የሚሠራ ሰው ቀድሞ የተሠራ ፎንት ከሚቀዳ እነዚህን ገጾች ገልጦ የብርዑን አቅጣጫ ቢከተል ይሻለዋል። ጉልህ ብቻ ሳይሆን ረቂቁም ፎንት ይገባዋል፤ ጠባብ በመሆኑ ለስልክ ገጽና ለመጽሔት ዓምድ ሊመች ይችላል። ተማሪና መምህር ያሉት የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ከዲማና ከደብረ ወርቅ ብዙ ስለማይርቅ ይህን ሥራ ሊጀምረው ይችላል። እስከዚያው ድረስ ግን አቢሲኒካን የመሰሉ ፎንቶች በነጻ ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ በከተማዋ ያለ ማንኛውም ማተሚያ ቤት ዛሬውኑ አውርዶ፣ ያለ ክፍያ፣ በጥሪ ካርዱና በባነሩ ላይ ሊያውላቸው ይችላል።